የመሐላ ጕድጓድ

ዲግሪሽን አይቻለሁ፣ ሊሞር፣ በጥሩ ፍሬም ገብቷል፤
እዚህ ጋ ስቀዪው፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል።
ይኼ የመሳቢያው ቁልፍ፣ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤
ይኼኛው የመጠለያው፣ ሳይረን ከመጮኹ በፊት ጣትሽ በጨለማ ይማረው።

የስኮላርሺፕ ቀን ካለፈ በሩ ተዘጋ ይላሉ፤
ሂሳብ ክፍል ወይዘሮ ማዛል ግን አሉ፤
አስቀድመሽ ጉልበታቸውን ጠይቂ፣ ገርበብ ያደርጉታል በሩን ሁሉ።

ከተጠባባቂ ጦር የተመለሰ "ፈተና አመለጠኝ" ሲልሽ፣
ቀኑን ብቻ አትጻፊ፤ ቀና በይ ከወረቀትሽ።
ጫማው ላይ ያለው አቧራ የኔጌብ ነው ወይስ የሌላ?
ፎርሙ ይህን አይጠይቅም። አንቺ ጠይቂው፣ ውሃ ከቀዳሽለት በኋላ።

ከራሃት የምትመጣዋ ማታ ማታ ከቀረች፣
መምህሩ "ሰነፈች" ካሉ፣ የአውቶቡስ ሰሌዳ አሳዪያቸው፤ የመጨረሻው ሲሄድ አብራ ሄደች።

የኛዎቹ እናቶች ደግሞ! "ዲካኑ ልጅዎን ይፈልጉታል" ብዬ ስደውልላቸው፣
አንዷ "ዲያቆን" መስሏቸው
"ልጄን ሊያጠምቁት ነው?" አሉ፤ ሳቄን ውጬ አስረዳኋቸው።

ቤርሳቤህ የመሐላ ጕድጓድ ማለት ነው፤ ቢሮሽም ያው ነው፣ እወቂ፤
የወደቀበትን ቃል ለመምህርም ለእናትም እንዳትቀጂ፣ ጠብቂ።

አንድ ጊዜ ግን እኔ ቀዳሁ።

አቪኤል ይባላል። ለአንድ ማኅተም ሦስት ቀን ተመላለሰ፤
ማኅተሙ የተመታው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ መለሰ።
በሦስተኛው የእጅ ሰዓቱን ፈታ፤ "ለወንድሜ ስጪልኝ" አለ፤
አስማለኝ፣ ማልኩ፤ የጫማው ድምፅ ደረጃው ላይ ራቀ፣ ቀስ እያለ።

ስልኩን አነሣሁ። ለእኅቱ ነገርኩ፣ ለሐኪም ነገርኩ፤
ስምንት ዓመት ያልተነካ መሐላ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰበርኩ።
ይህን የሚያስተምር ኮርስ አለ፤ ወስጃለሁ፣ ዘጠና አግኝቻለሁ፤
ያን ቀን ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ቁጥሩን ሁለቴ ተሳስቻለሁ።

ትናንት አየሁት፣ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ላይ፤ ሽንኩርት በፌስታል ይዟል።
አይቶኛል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።
አራት ዓመት አላናገረኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።
አንድ ሽንኩርት ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ፤ አቀበልኩት፤ ተቀበለ፤ ምንም አላለኝም።

እና ሊሞር፣ መሳቢያው ውስጥ የሰው ሰዓት አለ፤ ወንድምየው አልወስድም ብሎ፣ ባትሪውን በየዓመቱ እቀይራለሁ።
ባለቤቱ አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል።
ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ብያለሁ።