የተገለበጠ በርጩማ

ሂርማታ ገበያ፣ ከእንጨት ጠራቢዎች ተራ፣
ከዋንዛ ግንድ ጋራ
ስታገል፣ ስፈቀፍቅ አርባ ዓመት አለፈኝ።
በርጩማ ነው ሥራዬ፤
ምስማር የማያውቀው፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣ፣
ሦስት እግር ያለው፣ የአባቴ ሙያ፣ ሙያዬ።
ጨርሼ እግሩን ልለካ ስገለብጠው ግን
መቀመጫነቱ ይቀራል፤
ሦስት እንጨት ይሆናል፤
ከኋላቸውም አንድ ሰው
ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል።

ቲቸር ኩሪያን ነው፣
ከህንድ ድረስ መጥቶ ሒሳብ ያስተማረን።
ማዕዘን ያወቅነው
ከመጽሐፉ ሳይሆን ከጣቶቹ ነበር፤
የቀለበት ጣቱ በዘጠና ዲግሪ የታጠፈ፣
ትንሿ ከእህቶቿ የተኳረፈች፣
አውራ ጣቱ ሁለቴ ተሰብሮ ሁለቴም ተጣሞ የዳነ።
"ምን ሆነው ነው?" አለ ሸምሱ፣ አፈኛው።
"ኳስ" አለ።
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የትኛው ተጫዋች
እግሩን ትቶ ጣቱን ይሰበራል?

ቅዳሜ ከሰዓት ከዘበኛው በርጩማ ተዋሰ፣
ሜዳው መሐል ገልብጦ ደቀነው፤
ከሻንጣው አንዲት ቀይ ኳስ መዘዘ፣
ክብደቷ የድንጋይ፣ ቅላቷ የደረሰ ቡና፣
ወገቧን በነጭ ክር የታጠቀች።
"እነዚህን ሦስት እግሮች በኳሷ ምቱ፤
ሸምሱ በዱላ ይከልክል፤
እሱን ያለፈችው የእኔ ናት።"
ከበርጩማው ኋላ ቁጢጥ አለ፣
እጁን እንደ ለማኝ ዘርግቶ።
ግማሽ ዕድሜውን እንዲህ ነበር የኖረው፤
ሌላው ሲመታ፣ ሌላው ሲወረውር፣ ለሌላው ሲጨበጨብ፣
እሱ ከሁሉ ኋላ፣ ጉልበቱን አጥፎ።

"አትያዟት፣ ተቀበሏት፤
እጃችሁ ከተገተረ ታኮርፋለች፤
እንግዳ ናት፣ ወደ ኋላ ሸሸት በሉላት።"
ቀኑን ሙሉ አምስት መቶ ጊዜ ቁጢጥ፣ አምስት መቶ ጊዜ ብድግ።
"አራት መቶ ዘጠና ዘጠኙን ስትይዝ
ማንም ስምህን አያነሣም" ይል ነበር፤
ስለ ቀሪዋ አልነገረንም።

የነገረኝ በክረምት ነው፣ አዌቱ ሞልቶ
ውኃው እስኪጎድል ከድልድዩ አፍ ስንጠብቅ።
ለሀገሩ አሥራ አንድ ጊዜ ተሰልፏል፤
በመርከብ ሄዷል፣ በረዶ አይቷል፣
ስሙ በራዲዮ ሲጠራ እናቱ ጎረቤቱን ሰብስባ ሰምታለች።
በአሥራ አንደኛው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣
አንዲት ቀላል ኳስ መጣች።
ሕፃን የሚቀልባት።
ከኪሱ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ፣ ብጫ፣ በእጥፋቱ የተቀደደ፤
ፎቶው ላይ ኳሷ በእጁና በሣሩ መሐል ናት።
ዛሬም አልወደቀችም።
"ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ ብል ያምኑኝ ነበር፤
ግን አልወጋኝም። ምክንያት የላትም።
እሷ ናት የምታመኝ።"
አሥራ ሁለተኛ አልነበረም።
ቀጥሎ ጅማ ነበረች።

ውሉ ሲያልቅ መናኸሪያ ሸኘነው።
አውቶቡሱ ሲነቃነቅ
ብርቱካን ወረወርኩ ወደ መስኮቱ፣ በጣም ዝቅ አድርጌ፣
ክፉ ውርወራ።
ያ ጠማማ እጅ በመስኮቱ ብቅ ሲል አየሁ፤
ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ መታጠፊያው።
እስከ አጂፕ ድረስ መንገዱን ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤
የወደቀ ብርቱካን የለም።
(ፍየሎችም ነበሩ፤ አልዋሽም።)

ይኸው ዛሬም በርጩማ ስጨርስ እገለብጠዋለሁ።
ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ቃኝቼ
ከኋላው ቁጢጥ እላለሁ፤
ጉልበቴ ይጮኻል፣ መዳፌ ግን ይለሰልሳል።
"ስንት ነው?" ይለኛል ገዢ ከበላዬ ቆሞ።
"ቆይ" እለዋለሁ፣
"አንዲት ነገር እየመጣች ነው።"