ብርና አረም

ባሕሩ ሸሸ ዛሬ፣ እንደ መጋቢት ደንቡ፤
ጀልባ በሆዷ ተኛች፣ ጭቃ ሆነ ወደቡ።
አዜኖር ቀደመች፣ ቦቲዋን አጥልቃ፣
ሰባ ሦስት ዓመቷን ከዐለት ዐለት ዘልቃ፤
እኔ ከኋላዋ፣ ድንኳንና ሣጥን፣ መስታወትና ጠርሙስ
ሁሉን ተሸክሜ፣ እንዳይሰበር ብዬ፣ ቀስ፣ ደግሞም ቀስ።
ሥራዬ ሰዓት ነው። «አፍህን ዝጋና ደቂቃውን ቁጠር»
ብላ ነው ያመጣችኝ፤ ከቁጥር በቀር አልናገር።

የመጀመሪያው ኩሬ ከጎድጓዳ ሳህን አይበልጥም፤
ጎንበስ ላለ ሰው ግን አገር ነው፣ አያልቅም።
ቀይ የባሕር አበባ ጣቶቿን ዘርግታ
ያገኘችውን ሁሉ ትዳስሳለች በዝግታ፤
ብርጭቆ መሳዩ ሽሪምፕ፣ የዋጠው እራቱ
ከውጭ የሚታይ፣ ምሥጢር የለው ፍጥረቱ፤
ባለ ቆቡ ቀንድ አውጣ፣ ከዐለቱ ተጣብቆ፣
ባሕሩን ይጠብቃል ትንፋሹን ሰንቆ።

አረሙስ? አረሙ ውኃ ሲያጣ ይተኛል፤
እንደ ረጠበ ጠጉር ድንጋይ ላይ ይበተናል።
አንዱ እንደ ቀበቶ ረዥም፣ ቡናማ፣
አንዱ ፊኛ ያዘለ፣ ሲረገጥ ጧ! ሲል የሚሰማ፣
አንዱም ስስ፣ ሐምራዊ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ፣
በጣት ሲነሳ የሚቀደድ፣ ውኃ ውስጥ ግን ልዑል ያከለ።

ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ቀይ ፋኖስ። የኤተር ሽታ።
መስታወቱን አጠመቀችው፣ ከብሩ ገንዳ ከታ፤
ወተት መስሎ ወጣ።
ከዚህ በኋላ ያለን ዕድሜ አሥር ደቂቃ፤
ከደረቀ ታወረ፤ መስታወት ነው በቃ።

ክዳኑን አነሳች። ስምንት ሰከንድ። ሸርጣን
በጎን በጎን መጣ፣ አለፈ በፊታችን።
ምስሉ ላይ ግን የለም፤ አንድ ጭጋግ ትቶ
ብር ብሎ ሄዷል፣ ጥላውን ብር ላይ ረስቶ።
«የሚሮጥ አይያዝም» አለች፤ «ይህ ሣጥን የሚያውቀው
ቆሞ የሚጠብቀውን፣ ጊዜ ያለውን ነው።»

አባቷ ጎልቨን (እኔ አልደረስኩበትም)
ይህንኑ አረም በጋሪ ሲጭን፣ ሲያደርቅ፣ ሲያቃጥልም
ኖሯል ዕድሜውን፤ በድንጋይ ቦይ ውስጥ፣ ከአሸዋው ጉብታ፣
ጭሱ ሦስት መንደር ሲያስነጥስ ከጧት እስከ ማታ።
አመዱ ረግቶ ሲጠጥር፣ እንደ ጡብ ተቆርጦ
ፋብሪካ ወረደ፤ አዮዲን ሆነ፣ ለሰው ቁስል ተሸጦ።
እሱ ያገኘው ብር? ለጫማ አልበቃም፤
ጣቱ እንደ ቡነነ ሞተ፣ ቀለሙ አልለቀቀም።

የዚያ አዮዲን ዘመድ ነው በጠርሙሷ ያለው፣
መስታወት የምትቀባው፣ ለብሩ የምትድረው።
አረሙ አመድ፣ አመዱ ቅባት፣ ቅባቱ ዐይን ሆኖ
ራሱን ያያል አረም፣ በራሱ ገላ ተሸፍኖ።
የአባት ጣት ቡናማ፣ የልጅት ጣት ጥቁር፤
ብር ነክሷት ነው ይሄ፤ በሳሙና አይሽር።

«ውኃው ተመልሷል» አልኳት። ሰምታ እንዳልሰማች
ወደ ላይ፣ ወደ ጉብታው ሥር ሣጥኗን አዞረች።
በካቻምናው ማዕበል ባሕሩ አሸዋውን ገመሰ፤
እየበላ፣ እየበላ፣ የጎልቨን ምድጃ ደረሰ።
ድንጋዮቹ እንደ ተሰለፉ ናቸው፤ ጥቀርሻው አልታጠበም፤
እሳት የተኛበት ቦይ ዛሬ ውኃ ነው፣ ጥልቅ አይደለም፤
ሁለት ሽሪምፕ፤ አንድ አረንጓዴ አረም፣ ለምለም፣
ከጥቀርሻው ስንጥቅ ተቆናጧል፤ ቂም የለውም።

የመጨረሻዋን መስታወት ለዚህ ነው ያቆየችው።
አሥራ አንድ ሰከንድ። እኔ አልቆጠርኩም፤ እሷ ቆጠረችው፣
በአባቷ ቋንቋ፣ በብሬቶን፣ በከንፈሯ ብቻ።

ባሕሩ ሲመጣ በሣጥኑ ሦስት እግር መካከል አለፈ፤
አላንኳኳም፣ ቤቱ ነውና፤ ቦዩን ሞልቶ አረፈ።
ድንኳኑ ውስጥ ምስሉ ቀስ እያለ ሲወጣ ዐየሁ፤
ድንጋዮቹ ጠሩ፤ ሽሪምፖቹ የሉም፤ አረሙን ለየሁ።
በጠርዙ በኩል ግን አንድ ነጭ ነገር፣ እንደ ጭስ።
«ብርሃን ሾልኮ ነው» አለችኝ፣
ጣቷን ወደዚያው ሰዳ፣ ሳትነካው መልሳ።
ይጠረግ ወይ? ስላት፣
«ስንት ደቂቃ ቀረን?» አለችኝ።