ናርጋ

አንሙት ጀልባ ነጂ ነበር፤ ጉም በወረደ ማለዳ
ሞተሩን አጥፍቶ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቅንቶ፣
ዘጌን በቡናው አበባ፣ ደቅን በከብቱ ጠረን ለይቶ የሚረዳ።

ሐኪሟ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ዘረጋችው፤
ግራጫ በነጭ፣ ከሰማይ የታየ ጣና።
"በዚህ በኩል" አለች፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ነክታ፣
"የትውስታ ማጀት ይህች ናት፤ ቀጥናለች።
ከቀኝ እህቷ ጋር አስተያዪያት።"
አስተያየሁ።
ዳርቻዋ እንደ ሚያዝያ ውሃ ሸሽቷል፤
ጭቃው ብቻ ቀርቷል።

በወደቀ ቁጥር ክብሪት ጭረን ስናሸተው፣
አረፋውን በነጠላ ጫፍ ስንጠርግለት፣
"አሁን ይለቀዋል" ብለን ቆመን ስንጠብቀው፣
ለካ ማዕበሉ ከውስጥ ነበር፣
ትንሽ ትንሽ አፈር እየቆረሰ የሚወስድበት።

ክኒኑ መውደቁን አስታግሶለታል፤ ቃሉን ግን አዘግይቶበታል።
እኔን እህቱን ሊጠራ
መቅዘፊያው እንደጠፋበት ሰው በጨለማ ወለሉን ይዳብሳል፤
"አንቺ..." ይላል፣ "አንቺ..."
አቤት እላለሁ ሳልጠራ።

ማታ ማታ ወደቡ ዳር ደሴቶቹን እንቆጥራለን።
"ክብራን።" "እህ።" "እንጦስ።" "እህ።" "ዳጋ... ደቅ..."
ከዚያ ዝም።
እንቦጩ በውሃው ላይ ተኝቷል፤
ከሥሩ ሐይቅ መኖሩን ያላወቀ፣ ሜዳ ይለዋል።
ናርጋ ምላሴ ጫፍ ትደርስና እውጣታለሁ፤
የእሱ ናት፣ እሱ ያውጣት ብዬ እጠብቃለሁ።

ትናንት ጣቱን ወደ ማዶ ቀሰረ፤
ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ተወው፣ ደግሞ ጀመረ።
"ስሟ ጠፋኝ" አለ፤
"ግን ስትደርሺ በስተቀኝ፣ ከውሃው በታች ድንጋይ አለ።
ቀስ ብለሽ ግቢ።"