ከሽንሌ እስከ ደወሌ

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣
ድሬ መዝጊያዋን ገርበብ አድርጋ ተጋድማ ከጥላ፣
ባጃጅ እንኳ ከኒሙ ሥር ሞተሩን አጥፍቶ።
የመዝገብ ቤቷ ልጅ በፖስታው ፊቷን እያናፈሰች መጣች፤
«ሲስተር፣ ፈርሚ» አለች። ዓይኔን ግን አላየች።

*ለሲስተር መፍቱሃ አብዱረህማን።
ጉዳዩ፦ የሙያ ፈቃድዎን ይመለከታል።
ባልደረባን ያለ ማስረጃ በመወንጀል፣
የመድኃኒት መዝገብ ያለ ፈቃድ በመክፈት፣
የሥራ ክፍሉን ሰላም በማወክ
አቤቱታ የቀረበብዎ ስለሆነ
ሰኔ ፳፮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀርበው መልስ እንዲሰጡ።
ከሠላምታ ጋር።*

ከሠላምታ ጋር!
ከሥሩ ሰባት ፊርማ። የሰባቱንም እጅ አውቃለሁ፤
ያንዷን ወገብ፣ ምጥ ሲይዛት፣ ሌሊቱን ሙሉ አሽቻለሁ፤
ላንዱ፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠው፣ ግሉኮስ ሰቅያለሁ።
የተካልኝን ፈለግሁ። የለም።
እሱ አልፈረመም።

ስሙን እናቱ ናት ያወጣችለት፣ በሞተ ወንድሙ ፈንታ።
እናቴን የቀበርኩ ሳምንት አምስት ሌሊት ተክቶኛል፤
ወላሂ፣ አንድም ቀን ውለታዬን መልሺ አላለኝም።
በሚያዝያ ንዳድ፣ የኛ ጋውን ከጀርባችን ሲጣበቅ፣
እሱ ረጅም እጅጌ ለበሰ፣ እስከ አንጓው የተቆለፈ።
ያኔ መተካቱን ቀጠለ፦
በትንሿ ብልቃጥ፣ በፔቲዲኑ ቦታ፣
ውሃ።

አልጋ አሥራ አራት ሙሴ ሮብሌ፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣
ጭኑ በብረት የታሰረ፣ ሲያመው እንኳ ቀልደኛ።
መርፌውን ስወጋው ዓይኑን ጨፍኖ ባቡሩን ያስነሣል፤
«ሽንሌ…» ይላል፣ ሃረዋ ሳይደርስ ያንኮራፋል።

ያን ሌሊት ግን
«ሽንሌ» አለ። ጠበቅሁ።
«ሃረዋ።»
«ሚሎ።» ላቡ ከግንባሩ ወደ ጆሮው ወረደ።
«አዲጋላ።» አንሶላውን ነከሰ።
«አይሻ።»
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ደወሌ» አለኝ፣
«ሲስተር፣ ድንበር ደረስን።
ከዚህ ወዲያ ሀዲዱ የኛ አይደለም።»

ከብልቃጡ የቀረችውን ጠብታ በምላሴ ነካሁ።
መምረር ነበረበት። አልመረረኝም።
ያን ጊዜ መረረኝ።

አሁን ደግሞ በደብዳቤው ላይ የሌለውን ልናገር።
ይህ የሆነው በሚያዝያ ነው፤ ሪፖርቱን የጻፍኩት ግንቦት ሲያልቅ።
መሃሉ ላይ ሠላሳ ሌሊት አለ።
«አቦ ተይው» እላለሁ ለራሴ፣ «ልጆች አሉት፣ ይተወዋል፤
አምስት ሌሊት ተክቶሽ የለ?»
የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ካንገቴ ሳይወርድ፣ ሠላሳ ሌሊት፣
ስንቱ ነው በእኔ ተራ ደወሌ የደረሰ?
በዚህ ማንም አልከሰሰኝም።

ፈቃድ። አንድ ቃል ስንቱን ይሸከማል?
የዓመት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ «ሰው የለም» ተባልኩ።
የሙያ ፈቃዴ ግድግዳው ላይ ነው፣ ከነማኅተሙ፣
ከነፎቶው፣ ፀጉሬ ገና ሳይሳሳ።
መዝገቡን የከፈትኩት ያለ ፈቃድ ነው፤ አልክድም።
በፈቃዴ ነው ግን።

ከዚራ። ቬንቲሌተሩ ይሽከረከራል፣
ወረቀቱ እንዳይበር ድንጋይ ተጭኖታል።
አምስት ሰዎች። አንዱ ሰዓቱን ያያል፤
ጫት ተራ ሳይሟሟቅ መድረስ ይፈልጋል።
«ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

ብልቃጡ ተጥሏል። መዝገቡ ተስተካክሏል፣
ባማረ የእጅ ጽሑፍ።
ሙሴ ሮብሌ ድኖ ወጥቷል፣ አድራሻው «ሽንሌ» ብቻ።
«ደወሌ» አልኩ።
ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ፤ «የምስክር ስም ነው?»
«ጣቢያ ነው። አንድ ሰው በተሰበረ እግሩ
በአንድ ሌሊት የደረሰበት።»
ሊቀመንበሩ ሳለ። ጸሐፊው ጻፈው ይሁን ተወው፣ አላየሁም።

ስወጣ ተካልኝ ከደጅ፣ ከኒሙ ሥር ቆሟል፣
እጅጌው እንደተቆለፈ።
ከስቷል። ሁለታችንም መሬቱን አየን፣ የወደቀውን ቅጠል።
«ዛሬ ሌሊት» አለኝ፣
«ማን ይተካሻል?»