ሳጥኑ ይቆይ

ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ፒያሳ ቁልቁለት፣
ቆሟል ባለ መብራት፣ እንደ ሙሽራ ቤት።
ቀይ ሲል፣ ወይን ጠጅ ሲል፣ ሲያበራ ይውላል፤
ጎኑ መስታወት ነው፣ አንጀቱ ይታያል።
«ስንት ነው?» እላለሁ፣ ዋጋውን እያወቅሁ፤
በዚህ ወር ብቻ እንኳ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ።
ባለሱቁ ፈጠነ ሳይታክት ይደግማል፦
«ፎር ኬ ነው፤ የሣሩ ጤዛ ይቆጠራል፣
የጠላትህ ቅንድብ ከጋራ ማዶ ይለያል፤
ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ሻይ ግን በእኔ ይሆናል።»

ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ።
የሂሳብ መምህር ነኝ፤ በልቤ አካፈልሁት፦
ሳልበላ፣ ሳልለብስ፣ ሃያ ስምንት ወራት።
ቀሪ አልነበረውም፤ እኔ ነኝ የቀረሁት።

ስማቸው ጠጋኙ፣ ማራኪ ያለው ልጅ፣
«መብራቱን ለምን ትገዛ? ራስህ ግጠም እንጂ!
ማዘርቦርድ ከዱባይ የአክስቴ ልጅ ታምጣ፣
ካርዱ ያገለገለ ከመርካቶ ይምጣ።
ቢትኮይን ሲቆፍር ሁለት ዓመት ቢያድር፣
ትንሽ ያስለው ይሆናል፤
ማን የማያስል አለ ደግሞ በዚህ አገር?»

እቁቤ ወጥቷል፤ ዘጠና ሺህ በእጄ።
ማታ ማታ ወረቀት ላይ እደምራለሁ፣
ልግዛ፣ ልግጠም፣ ላድስ እያልሁ እሰርዛለሁ፤
የተማሪ ደብተር ሳላርም ይነጋል።

ባንቺአምላክ ሰማች፣ ሰማችና፦
«መጀመሪያ ዐይንህን አሳይ።
ሰሌዳው ላይ ሦስትና ስምንት ታምታታለህ አሉ ልጆቹ፤
ለፈዘዘ ዐይን ፎር ኬም ያው ነው።»
መልስ አልነበረኝም።

አመሻሽ ላይ በግቢው አጥር ሥር ሳልፍ
ግንቦቹን ቆጠርሁ።
ልጅ የአባቱን አላደሰም፤ ከጎኑ ሌላ ተከለ፣
የልጅ ልጅም እንዲሁ፣ ከዚያም ጎን፣ ከዚያም ጎን።
እነዚህም፣ አልሁ፣ አሻሽል ቢሏቸው እምቢ ያሉ ናቸው።
ከአንደኛው ላይ ጣራው የለም።
ጨረቃ ገብታበታለች፤ ለጥራቷ ቁጥር የለውም።

የእኔው ከአልጋዬ ግርጌ ነው፤ ግራጫ፣ ሲነሣ የሚያጓራ።
ማናዬ ገጠመው፣ ታናሼ፣ በአንድ ክረምት፣
ቡሎን ቢያጥረው በሽቦ አስሮ፣ እያፏጨ።
በእርሱ ስክሪን ላይ ዛፍ አራት ማዕዘን ነው፣ ዝናብ መስመር፤
ከሩቅ የሚመጣ ሰው ወዳጅ ይሁን ጠላት አይለይም፣
እስኪቀርብ ነው የሚጠበቀው።

ትናንት ጎኑን ፈታሁት፣
አዲስ ካርድ ይገባ እንደሆነ በማስመሪያ ልለካ።
አቧራው! የዘጠኝ በጋ የአዘዞ አቧራ፣ እንደ ብርድ ልብስ።
በጣቴ ስጠርግ፣ ከፓወሩ ሆድ ላይ፣
በማርከር፣ በዚያ ወደ ቀኝ በሚወድቅ ጽሕፈቱ፦
«ወንድም ጋሼ፣ ይህን አትንካ። ስመጣ አየዋለሁ።»

ስመጣ ካለ ዘንድሮ ሦስተኛው ክረምት ነው።
እኔም አልነካሁት፤ እርሱም አልመጣ።

ስማቸው ጋ ደወልሁ።
«ሳጥኑ ይቆይ፤ ሆዱን ብቻ ለውጥልኝ።
ካርዱን፣ ሚሞሪውን፣ የፈለግኸውን። ፓወሩን ግን ተው።»
«ፓወሩማ አይችልም» አለኝ፤
«አዲሱ ካርድ ስድስት መቶ ዋት ይላል፣ ይህ ሦስት መቶ ነው።»
ቁጥር አስተማሪ ነኝ።
ሦስት መቶ ስድስት መቶ እንደማይሸከም
ለሕፃናት ሳስረዳ ነው የኖርሁት።
ዝም አልሁ። እርሱም ዝም አለ።
«ሄሎ?»
«ፍታው እንግዲያ፤ ግን እንዳትጥለው።
እዚያው ከወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ ሳይሰካ።»
«ቦታ ይሻማል፣ መምህር።»
«ይሻማ።»

ባንቺአምላክ ከጓዳ፦ «ዐይንህስ?»
«ሰኞ» አልሁ።
መብራት ሄደ።