ፈረቃ

ስምንተኛ ክፍል ነን፤ ትምህርት ቤቱ አንድ፣ ፈረቃችን ሁለት፣
እኔ ጠዋት ገቢ፣ ሚስባህ ከሰዓት።
መስከረም ሲጠባ፣ ለደብተር ከሰጡን ላይ ቆንጥረን ቆንጥረን፣
አራት መቶ በአራት መቶ፣ እኩል አዋጥተን፣
ታይዋን ገበያ፣ ከሐዋ ሮብሌ ሱቅ፣
አንድ ጌም ገዛን፣ ጀርባው የተጫረ፣ ከመዳፍ የማይልቅ።
«አንድ ጆሮው አይሰማም» አለችን፤ አልዋሸች።
«ባትሪው ግን ግመል ነው፣ ውሃ አይልም» ስትል፣ እዚያ ላይ ዋሸች።

ውላችን ይሄ ነው፦
ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ፣
ጥላችን ጫማችን ሥር ሲደበቅ ከፀሐይ፣
እሱ ወደ ክፍል ሲሄድ፣ እኔ ወደ ቤት፣
ከእጁ ወደ እጄ፣ በላቡ እንደሞቀ።
ማታ አሥራ ሁለት ላይ ከእጄ ወደ እጁ።
ቻርጁን ከግማሽ በታች ያስረከበ፣ ቅጣቱ አንድ ሳንቡሳ።
መብራት የጠፋ ቀን ማንም አይቀጣም።
(መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ።)

ጨዋታው እርሻ ነው። ጥይት የለው፣ ኳስ የለው፤
ባርኔጣ የደፋ አንድ ትንሽ ሰው፣ ባልዲና ማሳ ያለው።
ከሰዓት የዘራሁትን እሱ በማግስቱ ያጠጣል፤
ጠዋት የተወውን አረም የእኔ አውራ ጣት ይነቅላል።
እዚያ ውስጥ ይዘንባል።
እዚህ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣
የገንደ ቆሬ ሰው ፍራሹን ይዞ ወደ ደጅ ሲወጣ፣
መዳፌ ውስጥ ዝናብ ይወርዳል፣
በአንድ ጆሮ ብቻ እየተሰማ።

ኅዳር ላይ ላም ገዛን።
«ቦራ» ብዬ ስም ባወጣላት፣ በነጋታው «ሐላዋ» ሆና አደረች፤
መልሼ ቦራ አልኳት፤ መልሶ ሐላዋ፤ እሷ ምን ቸገራት፣ ትታለባለች።
ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ባዶ እጄን እየቆፈርኩ፣
መምህር ቶሎሳ «ኤክስ ስንት ነው?» ቢሉኝ፣ «ዘጠኝ ቀን» ብዬ መለስኩ።
ካሮት የሚደርሰው በዘጠኝ ቀን ነው።
ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ጥር ላይ ሸጣት።
ስከፍተው በረቱ ባዶ፤ ከላይ ጥጉ ላይ ሳንቲሙ አብጧል።
ሳምንት ሙሉ ድልድዩ ላይ ያለ ሰላምታ ተቀባበልን፣
እንደ ኬላ ጠባቂና እንደ ሾፌር፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ።
በስምንተኛው ቀን ነው ልብ ያልኩት፤
በላሟ ዋጋ ቦይ አስቆፍሯል፣ ከጉድጓዱ እስከ ማሳው ዳር።
በቆሎው ሊደርቅ ነበር። ውሃ የረሳሁት እኔ ነበርኩ።
ይቅርታ አልጠየቅሁትም።
ቻርጁን ሞልቼ ሰጠሁት።
በሚያዝያ መልሶ ገዛት። ስሟን ሳየው፣ «ቦራ» ይላል።

ሰኔ፤ ሚኒስትሪ።
ለመጀመሪያ ጊዜ የጠዋቱም የከሰዓቱም በአንድ ክፍል ተቀመጠ።
ሚስባህ ከፊቴ፣ ሁለት ወንበር አልፎ።
እርሳሱን በግራ እጁ ያዘ።
ዓመቱን ሙሉ የረገምኩት የግራው ቁልፍ፣
ያለ ሦስት ጭነት እሺ የማይለኝ፣
በሱ አውራ ጣት አልቆ ነው ለካ።
ስንት ቀን ተቀባበልን፣ የትኛው እጁ እንደሆነ ግን
አይቼ አላውቅም።
ጥያቄ ሠላሳ ላይ ደረስኩ፤ ጊዜው አለቀ።

አባቱ ሥራቸውን ወደ ጅግጅጋ አዞሩ።
ጌም ለሁለት አይቆረጥ። ሐዋ ሦስት መቶ ሃምሳ አለች፣
ከዚያም ጣቷን አስጠግታ፣ «ውስጡን ላጥፋው?»
እኔ «አጥፊው» ልል አፌን ስከፍት፣ ሚስባህ «ተዪው» አላት።
የሚገዛው ልጅ፣ ማንም ይሁን፣ ሲከፍተው
ያልዘራው በቆሎ ደርሶ፣
ያልገዛት ላም በረት ቆማ ትጠብቀዋለች።
ግራ ይግባው።

መቶ ሰባ አምስት፣ መቶ ሰባ አምስት፤ ድልድዩ ላይ ተካፈልን።
ክረምት ገብቷል፣ ሰዓቱ የማንም ተራ አይደለም።
እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ፤
ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ፣ ሱቁ ሳይዘጋ እየሮጥኩ፦
«ሐዋ፣ ለሚገዛው ንገሪው፣
የግራውን ቁልፍ ጠበቅ አድርጎ ይጫን።»