ውሃ ልክ

ግንበኛ ነኝ፤ ኮሎማን እባላለሁ፤
ከወንዙ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣ እዚያ እኖራለሁ።
በትምህርት ቤቱ ኮሪደር መሐል የቆመውን ግድግዳ
የገነባሁት እኔ ነኝ፤ በቀን ሂሳብ፣ ለዳቦና ለዕዳ።
ዳይሬክተሩ «ሙቀት እንዳይባክን ነው፣ ለማሞቂያው» አለኝ፤
አመንኩት። ወይም ያመንኩ መሰልኩ፤ በባዶ ኪስ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቱምቢዬን ጣልኩኝ፣ ውሃ ልኬን አጋደምኩኝ፤
አረፋዋ ከሁለቱ ጭረት መሐል ቀጥ ብላ ቆመች፤
«ልክ ነው» አልኩኝ።
ልክም ነበር።

ትምህርት ተከፈተ።
ዣኔታ ልጄ፣ ስድስት ዓመቷ፣ ቦርሳዋ ከትከሻዋ የሰፋ፣
በጓሮ በኩል አስገቧት፣ የፊቱ በር ሳይጠፋ።
አስቀድመው ፈትነዋት ነበር። አንዲት ባለመነጽር
የገላ መታጠቢያ ገንዳ ሥዕል አሳይታ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብትላት በስሎቫክኛ፣
«ጀልባ ነዋ!» አለቻት ልጄ በሮማኒኛ።
እኛ ሰፈር ውሃ በባልዲ ነው፤ ገንዳ ከየት ታውቃለች?
ጀልባን ግን አይታለች፤
ወንዙ የሞላ ሌሊት የእሳት አደጋ ሰዎች ከጣሪያ አውርደው
በጀልባ ነው ያሻገሯት።
ሴትዮዋ «አእምሮዋ ዘገምተኛ» ብላ ጻፈች፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፤
ቅጹ ላይ ለጎርፍ የሚሆን ቦታ አልነበረም ከቶ።

ከግድግዳዬ ወዲህ የእኛ ልጆች ዶቃ በክር ሲሰኩ ይውላሉ፤
ከግድግዳዬ ወዲያ ማባዛት በዜማ ይላሉ።
ውፍረቱ አንድ ጡብ ነው።
አንድ ማታ ድንች እየላጥን፣ ዣኔታ ድንገት
«ሰባት ሲባዛ በስምንት፣
ሃምሳ ስድስት» አለች።
«ማን አስተማረሽ?»
«ግድግዳው» አለች።

ቢላዬን አስቀመጥኩ።

ሚስቴ ማርጊታ ምንም ሳትል ደብተር ይዛ ወጣች፤
በሦስት ቀን ስልሳ አንድ ቤት አንኳኳች።
«ድጎማችን ቢቆረጥስ?» ያላት አለ፤ በሩን የዘጋባትም፤
አሮጊቷ ቪልማ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ፣ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም።
ከከተማው ወገን አንዲት ብቻ፣ ጡረተኛዋ ፖስተኛ፣ ወይዘሮ ሩዜና፣
ፈረመችልን፤ ጎረቤቶቿ ሰላም አላሏትም እንደገና።

አዳራሹ ሞላ። ከንቲባው ተነሥተው
«ልጆቹ ከመሰሎቻቸው ጋር ደስ ይላቸዋል» አሉ፣ ፈገግ ብለው።
እጄን አወጣሁ፤ ጥፍሬ ሥር ሲሚንቶ ነበር።
«ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለማሞቂያው ነው ብላችሁኝ።
ማሞቂያው ያለው በወዲያ ነው። ልጄ ካፖርት ለብሳ ነው የምትማረው» አልኩኝ።
ሌላ ንግግር አላውቅም። ተቀመጥኩኝ።

ችሎቱ አራት ዓመት ፈጀ፤ ዳኛ ተቀየረ፣ ፋይል ጠፋ፣ ተገኘ፤
ማርጊታ አውቶቡስ ላይ ሆና ስንቱን ክረምት ቆጠረች።
ሲፈረድልን፣ «አፍርስ» ብለው የጠሩት እኔኑ፤
በዚያው የቀን ሂሳብ።
ሦስት ቀን ወሰደብኝ። ለካ ሲሚንቶውን አሳምሬ ነበር ያቦካሁት፣
ከገዛ ክንዴ የሚታገል ጠላት ነበር ያቆምኩት።

ዛሬ ሪናልዶ፣ ትንሹ ልጄ፣ በፊቱ በር ገባ፤
እጁን ለቅቄ ቆምኩ።
ዣኔታ ግን ከታናናሾቿ ጋር ነው የተቀመጠችው፤ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር ይጋጫል፤
የሄደ ዕድሜ በመዶሻ አይመለስም፤ ማንስ ይክሳል?
ወለሉ ላይ የግንቡ ጠባሳ አለ፣ ነጭ መስመር፤
ልጆቹ ሲደርሱበት ይዘሉታል፣ የወዲህም የወዲያም፣
ለምን እንደሚዘሉት ሳያውቁ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ውሃ ልኬን መስመሩ ላይ አጋደምኩ።
አረፋዋ ሸተት አለች፣
ወደ ወዲያ።
ተንበርክኬ ጥቂት አየኋት።
ነገ አሸዋ አመጣለሁ።